የሸረሪቷ ሰው፦ ከታራንቶ እስከ ይፋት የአንድ ሕመምተኛ ሥዕል ታሪክ

(በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት በሆነ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ)



የዛሬው ንግግሬ መነሻ የአውራ ጣት ቁመት የማታክል አንዲት ብልቃጥ ናት። የአክስቴ ልጅ ባለቤቷን ለማሳከም ሕንድ አገር ደርሳ ስትመለስ ይዛት መጣች። በውስጧ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ነጫጭ የስኳር እንክብሎች አሉ፤ በላይዋ ላይ «ታራንቱላ ሂስፓኒካ 200» ተብሎ ተጽፏል። የታዘዘችው ለባለቤቷ ሳይሆን ለራሷ ነው። እንቅልፍ ካጣች፣ እጇ ሥራ ካልያዘ አላርፍ ካላት፣ ልቧ ያለ ምክንያት መደለቅ ከጀመረ ወራት ተቆጥረው ነበር። እዚያ ያገኘችው የሆሚዮፓቲ ሐኪም ከአንድ ሰዓት በላይ አነጋገራት። የጠየቃት ግን ከሕመሟ ይልቅ ስለ ጠባይዋ ነበር። ሙዚቃ ስትሰሚ ምን ትሆኛለሽ? የማትወጂው ቀለም አለ ወይ? ሰው ሲያይሽና ብቻሽን ስትሆኚ ሕመሙ አንድ ነው? መልሷን ጽፎ ሲጨርስ ብልቃጧን ሰጣት።

እኔ ዘንድ የመጣችው አብሮ የተሰጣትን የእንግሊዝኛ ወረቀት እንዳነብላት ነው። በወረቀቱ ላይ የመድኃኒቱ «ሰው» ተሥሏል። ይህ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ሴት፣ ዕረፍት የለውም፤ ይቸኩላል፤ ሌላውም እንዲቸኩልለት ይፈልጋል። እጆቹ ዘወትር አንድ ነገር ይነካካሉ። ስሜቱ በቅጽበት ከሣቅ ወደ ቁጣ ይለወጣል፤ ልብሱን ይቀዳል፣ ራሱን ይመታል። ራሱን ከትራሱ ላይ ወዲያና ወዲህ ያንከባልላል። ሙዚቃ ይቀሰቅሰዋል፣ ሙዚቃውም መልሶ ያሳርፈዋል፤ እስኪያልበው ይጨፍራል። አንዳንድ ቀለም ደስ ያሰኘዋል፣ አንዳንዱ ያሳብደዋል። በመጨረሻም ተንኰለኛ ነው፤ ሕመሙ ተመልካች ሲኖር ይብሳል፤ የሰዎቹን ፊት በዓይኑ ጠርዝ ይሰልላል።

የአክስቴ ልጅ አዳምጣ ስታበቃ «ይህች እኔ አይደለሁም፤ እናቴ ናት» አለች። እናቷ የጀውሃዋ አክስቴ ናት። እኔም ሳነብ በዓይነ ሕሊናዬ የመጣችብኝ እርሷው ነበረች። ከሸዋ ሮቢት አልፎ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ማሽላና ማሾ በሚዘራበት ቆላ ውስጥ ዕድሜዋን ያሳለፈች፣ ዛር ያለባት ሴት በስፔን ሸረሪት ስም በተሰየመ ብልቃጥ ውስጥ እንዴት ገባች? ይህ የታሪክ ጥያቄ ነውና በታሪክ መንገድ ልከታተለው ሞከርሁ።

ስለ ሆሚዮፓቲ ጥቂት ማለት ግድ ነው። መሥራቹ ከ1755 እስከ 1843 የኖረው ጀርመናዊው ሐኪም ሳሙኤል ሃነማን ነው። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሐሳቡን መጀመሪያ በ1796 አወጣው፤ «ኦርጋኖን» የተባለው ዋና መጽሐፉ በ1810 ታተመ። መርሖው ተመሳሳይን በተመሳሳይ ማዳን ነው። በጤነኛ ሰው ላይ አንድ ምልክት የሚያመጣ ነገር ያው ምልክት ያለበትን በሽተኛ ይፈውሳል ይላል። ስለዚህ መድኃኒቱ አስቀድሞ በጤነኞች ላይ ይሞከራል፤ ሞካሪዎቹም የተሰማቸውን ሁሉ፣ ራስ ምታቱንም ሕልሙንም ንዴቱንም ይመዘግባሉ። ከዚያ መዝገብ የመድኃኒቱ ሥዕል ይወጣል። ሐኪሙ ሥዕሉን ከበሽተኛው ጋር ያስተያያል፤ የሚመሳሰሉ ከሆነ መድኃኒቱ ተገኘ ማለት ነው። የጠባይ ጥያቄ የበዛውም ስለዚህ ነው። በሽታውን ለብቻው መሰየም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በሽተኛውን ከነጠባዩ መሣል ነው።

ሁለተኛው መርሖ ማቅጠን ነው። በብልቃጧ ላይ ያለው 200 ቁጥር መርዙ አንድ ለመቶ ሆኖ 200 ጊዜ መቅጠኑን ያመለክታል። ይኸውም ከአንድ ቀጥሎ 400 ዜሮዎች ያሉት ቁጥር ነው። በአንድ ሞል ንጥረ ነገር ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች ከ6 ቀጥሎ 23 ዜሮዎች ያህል ብቻ ስለሆኑ፣ ከ12ኛው ማቅጠን በኋላ የመጀመሪያው ነገር አንዲት ሞለኪውል እንኳ ትቀራለች ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ2015 ጥናቶቹን መርምሮ፣ ሆሚዮፓቲ እንደሚፈውሰው አስተማማኝ ማስረጃ የተገኘለት አንድም የጤና ችግር የለም ሲል ደመደመ። ሕንድ ግን ሥርዐቱን ከ1973 ጀምሮ በሕግ አውቃ ታስተምረዋለች፣ ታክምበታለች። የእኔ ፍላጎት ስኳሩ ላይ አይደለም፤ ወረቀቱ ላይ ነው። በብልቃጧ ውስጥ ሸረሪት ከሌለች፣ በወረቀቱ ላይ ያለችው ሴት ከየት መጣች?

የታራንቱላን መድኃኒት ወደ ሆሚዮፓቲ ያስገባው የማድሪዱ ሐኪም ሆሴ ኑኜስ ነው። የንግሥት ኢሳቤል ሁለተኛ ሐኪም የነበረ፣ በማድሪድም የሆሚዮፓቲ ሆስፒታል ያቋቋመ ታላቅ ሰው ነበር። የታራንቱላን መርዝ በሃነማን ዘዴ ያጠናበትን መጽሐፍ በ1864 አሳተመ። የመጽሐፉ ረጅም ርእስ አንድ ምስጢር ያወጣል፤ ከሙከራው በፊት የታራንቲዝም ታሪክ አጭር መግለጫ እንደሚገኝበት ራሱ ርእሱ ይናገራል። እንግዲህ ሙከራው ሲካሄድ አንድ ሸረሪት የነከሰችው ሰው ምን መሆን እንዳለበት አስቀድሞ የታወቀ ነበር። መዝገቡ ከመከፈቱ በፊት የሦስትና የአራት መቶ ዓመታት ወሬ ከፊቱ ተቀምጧል። በእኔ ግምት ኑኜስ አላጭበረበረም፤ የሚፈልገውን ስላወቀ አገኘው። የታሪክ ሰዎች ይህን ፈተና ከማንም በላይ እናውቀዋለን።

ታራንቲዝም የተባለው የደቡብ ኢጣሊያ፣ በተለይም የፑልያ አውራጃ ነገር ነው። ሸረሪቷ ስሟን ያገኘችው ከታራንቶ ከተማ ነው። በሰኔ ወር፣ ስንዴ በሚታጨድበት ሙቀት፣ አንዲት ሴት «ነከሰችኝ» ብላ ትወድቃለች። ትደነዝዛለች፣ ታቃስታለች፣ ምግብ ትከለክላለች። ቤተሰቡ ቫዮሊንና አታሞ የሚመቱ ሰዎችን ይቀጥራል። ሙዚቀኞቹ ዜማ እየቀያየሩ ይሞክራሉ፤ የእርሷ ዜማ ሲደርስ እግሯ ይንቀሳቀሳል። ባለ ቀለም ጥብጣቦች ይዘረጉላታል፤ የነከሰቻት ሸረሪት የምትወደውን ቀለም ስታገኝ ትይዘዋለች፣ የምትጠላውን ስታይ ትቆጣለች። ለቀናት ትጨፍራለች። አትናቴዎስ ኪርከር የተባለው ኢየሱሳዊ ሊቅ በ1641 ስለ ማግኔት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ እነዚህን ዜማዎች በኖታ ጭምር አስፍሯል።

ልብ በሉ፤ ሙዚቃው፣ ቀለሙ፣ ጭፈራው፣ ዕረፍት ማጣቱ ሁሉ እዚህ አለ። ተንኰሉስ? እርሱም አለ። በዚያው አውራጃ ያደገውና በ17ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ በሮም ስለ ታራንቱላ የጻፈው ሐኪም ጆርጆ ባልዪቪ ብዙዎቹ ሴቶች ሳይነከሱ የተነከሱ እንደሚመስሉ፣ ሕዝቡም ነገሩን «የሴቶች ትንሽ ካርኒቫል» ብሎ እንደሚጠራው ጽፏል። ስለዚህ በወረቀታችን ላይ «ተንኰለኛ ነው፤ በሰው ፊት ይብስበታል» የሚለው ቃል የሸረሪቷ ጠባይ አይደለም፤ የሕመምተኛዋም ጠባይ መሆኑ ያጠራጥራል። በአልጋዋ አጠገብ ቆሞ ያላመናት ሐኪም ጥርጣሬ ነው። ጥርጣሬው በ1864 መድኃኒት ውስጥ ገብቶ፣ እስከ 200 ጊዜ ቀጥኖ፣ የአክስቴ ልጅ እጅ ድረስ ደረሰ።

ሸረሪቷ ራሷስ? ዛሬ የሥነ ሕይወት ሰዎች እንደሚነግሩን ሊኮሳ ታራንቱላ የተባለችው፣ ድር ሳትዘረጋ እየሮጠች የምታድነው ትልቋ ሸረሪት፣ ንክሻዋ ከንብ ንድፊያ ብዙም አይበልጥም። በዚያው የስንዴ ማሳ ውስጥ የምትገኘው ሌላዋ፣ ጥቁሯና ባለ ቀይ ነጠብጣቧ፣ ግን በእርግጥ ታሳምማለች፤ ጡንቻ ታኰማትራለች፣ ላብ ታጠምቃለች፣ ታስጨንቃለች። ትልቋ ስለምትታይ ተከሰሰች፤ ትንሿ አመለጠች። ይህ ፍርድ በሰው ዘንድም ያጋጥማል።

ጥያቄውን በሚገባ የጠየቀው ኢጣሊያዊው የሃይማኖትና የባህል ታሪክ ሊቅ ኤርኔስቶ ዴ ማርቲኖ ነው። በ1959 የሥነ አእምሮ ሐኪምና የሙዚቃ አጥኚ ጭምር ያሉበትን ቡድን ይዞ ወደ ሳሌንቶ ወረደ፤ መጽሐፉን በ1961 አወጣ። ያገኘው ነገር የሸረሪት ንድፈ ሐሳብን አፈረሰ። ንክሻው በየዓመቱ በዚያው ወቅት ይመለሳል፤ የተነከሱት ከሞላ ጎደል ሴቶች ናቸው፤ የመጀመሪያው ንክሻ ብዙ ጊዜ ከጉርምስና፣ ካልተፈቀደ ፍቅር፣ ካልተፈለገ ጋብቻ ጋር ይገጥማል። በቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ጸሎት የምትጠበቀው የጋላቲና ከተማ ውስጥ ደግሞ ሸረሪት አትነክስም ይባላል። መርዝ የከተማ ወሰን አያውቅም። የዴ ማርቲኖ መጽሐፍ ርእስ በኢጣሊያንኛ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ይላል፤ ጸጸትም ዳግም ንክሻም። ያላለቀ ነገር ተመልሶ ይነክሳል፤ ሴቲቱም ስም የሌለውን ሕመሟን የሸረሪት ስም ሰጥታ በዓመት አንድ ጊዜ ታወጣዋለች።

አሁን ወደ አገራችን ልሻገር። ድልድዩን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፤ በ1832 በርሊን ላይ ተሠርቷል። የሕክምና ታሪክ ጸሐፊው ዩስቱስ ሄከር በመካከለኛው ዘመን ስለነበረው የጭፈራ እብደት በጻፈው መጽሐፍ ከጀርመንና ከኢጣሊያ ቀጥሎ ስለ ሐበሻ አንድ ምዕራፍ አስገባ። ምንጩ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ለንደን ላይ የታተመው የናትናኤል ፒርስ ማስታወሻ ነበር።

ፒርስ ሊቅ አልነበረም። መርከበኛ ነበር፤ በ1805 ወደ ትግራይ መጥቶ እስከ 1818 ድረስ በዚያ ኖረ፣ አገልግሎት ገባ፣ ትዳር መሠረተ። «ትግርቲየር» ብሎ ስለሚጠራው ሕመም የጻፈው በቅርብ ያየውን ነው። ሕመሙ ይበልጡን ሴቶችን ይይዛል። በሽተኛዋ ትከሳለች፤ ንግግሯን ያ ሕመም ካለበት ሰው በቀር የሚረዳው የለም። መጀመሪያ የዮሐንስ ወንጌልና ቀዝቃዛ ውሃ ይሞከራል። ያ ካልሆነ ዘመድ አዝማድ ገንዘብ አዋጥቶ መለከትና ከበሮ የሚመቱ ሰዎችን ይቀጥራል፣ መጠጥ ይዘጋጃል፣ ከየጎረቤቱ የብር ጌጥ ተበድረው ያለብሷታል። ሙዚቃው ሲጀመር ጣቷ፣ ትከሻዋ፣ ከዚያ መላ አካሏ ይንቀሳቀሳል። ለቀናት ይቀጥላል። በመጨረሻው ቀን ሮጣ ሮጣ ስትወድቅ በላይዋ ጠመንጃ ይተኰሳል፣ ስሟን ትጠየቃለች፤ የክርስትና ስሟን ከተናገረች ድናለች፤ እንደገናም ትጠመቃለች።

ፒርስ መጀመሪያ አላመነም። ሚስቱ ትርንጎ በዚሁ ሕመም ስትያዝ ማታለል መስሎት በአለንጋ ሞከራት። እንደ በድን ደርቃ ቀረች፤ እርሱም እጅግ ደነገጠ። ነፍስ የዘራችው ዘመዶቿ ሙዚቃውን ሲያሰሟት ነው። ባልዪቪ የጠረጠረውን ፒርስም ጠረጠረ፤ ልዩነቱ ፒርስ ጥርጣሬውን በእጁ ሞክሮ ማፈሩንም መጻፉ ነው። በዚህ ረገድ መርከበኛው ከብዙ ሐኪሞች የተሻለ ምስክር ነው ብዬ አምናለሁ። ሄከር ግን ፑልያንም ትግራይንም በዓይኑ ሳያይ ሁለቱን በአንድ የበሽታ ዐይነት መደባቸው። መመሳሰላቸውን በማየቱ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ተመሳሳይነቱን በሴቶቹ ነርቭ ውስጥ በመፈለጉ ነው።

በትግራይ «ትግርቲየር» የተባለው ነገር በሸዋ ምን ይባል እንደነበር ብዙ ሳይቆይ ተጽፏል። ሚስዮናውያኑ ኢዘንበርግና ክራፕፍ በ1839 ከታጁራ ተነሥተው በአዳል በረሃና በይፋት በኩል አንኮበር ወጡ፤ በ1843 በታተመው የዕለት ማስታወሻቸው ውስጥ ሸዌዎች 88 መናፍስት እንዳሉ እንደሚያምኑ፣ ስማቸውም ዛር እንደሚባል ሰፍሯል። በእኛ አገር ስለ ዛር ከተጻፉት ቀደምት የውጭ ሰዎች ምስክርነቶች አንዱ እንግዲህ የይፋት ጎረቤት ነው። ክራፕፍ የጻፈው ለማውገዝ ነው፤ ግን ቆጥሮ ጻፈ፣ ለቁጥሩም እናመሰግነዋለን።

ስለ ዛር ጠባይ በስፋት የተጻፈው ግን መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ከዳካር ተነሥቶ ጅቡቲ በሚያበቃው የጥናት ጉዞ መካከል በ1932 ጎንደር ሰነበተ፤ መልካም አያሁ በተባለች የዛር ባለቤት ቤት እየዋለ፣ በአባ ጄሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት የሰማውን ጻፈ። በ1958 ያሳተመው መጽሐፍ ዛርን ከቲያትር ጋር ያስተያያል። «ታስመስላለች ወይስ እውነቷን ነው?» የሚለውን የባልዪቪና የፒርስ ጥያቄ ሌሪስ እንደገና አነሣው፤ ነገር ግን ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ሊሆን እንደሚችል አየ። ሴቲቱ የምትጫወተውን ትኖረዋለች፤ የምትኖረውንም ትጫወተዋለች።

ከሌሪስ መዝገብ ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመው ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ዛር ሙሉ ጠባይ አለው። ሰይፉ ጨንገር ራሂሎን አይመስልም። ስም አለው፣ ወገን አለው፣ አንዳንዱ ሃይማኖትና አገር አለው፤ የሚወደው ቀለም፣ ሽቶ፣ ልብስ፣ የሚታረድለት ዶሮ ወይም በግ መልክ ለይቶ ይታወቃል። ሲመጣ የሚፎክረው የራሱ ፉከራ አለው። የያዛት ሴት «ፈረሱ» ናት። አዋቂዋ ሥራዋን የምትጀምረው በመጠየቅ ነው። ማን ነህ? ከወዴት መጣህ? ምን ትለብሳለህ? ምስህ ምንድን ነው? አሁን የሆሚዮፓቲውን ሐኪም ጥያቄዎች ከዚህ አጠገብ አኑሯቸው። ቀለም፣ ሙዚቃ፣ ምግብ፣ ቁጣ። ሁለቱም የሚፈልጉት በሽታ ሳይሆን ማንነት ነው፤ ሁለቱም ማንነቱን ካገኙ ፈውሱን ያገኙ ይመስላቸዋል።

የሚለያዩበት ግን አለ፤ እኔ ዋና የምለውም እርሱን ነው። በብልቃጧ ውስጥ ያለው ማንነት አይናገርም። ዛር ግን ይናገራል፤ ደግሞም ይጠይቃል። ምስ የሚለው ቃላችን ሌላ ቋንቋ በቀላሉ የሚያገኘው አይመስለኝም፤ መንፈሱ የሚገባው፣ ካልተሰጠው የሚቆጣበት ድርሻው ነው። ሴቲቱ ለራሷ አዲስ ቀሚስ ብትጠይቅ ባል «ገንዘብ የለም» ይላል፤ ዛሯ ሲጠይቅ ግን ቤተሰቡ ይበደራል። ሳይመን ሜሲንግ በ1958 በአሜሪካ የአንትሮፖሎጂ መጽሔት ላይ ያወጣው ጥናት የጎንደርን የዛር ማኅበር የቡድን ሕክምናና የማኅበራዊ ቦታ መድረክ አድርጎ ያየው ለዚህ ነው። ዛር ደግሞ አይወጣም፤ ይታረቃል። በፒርስ ዘመን በትግራይ የተበደሩት የብር ጌጥ፣ በፑልያ የተቀጠረው ቫዮሊን፣ በጀውሃ የተፈላው ቡና፣ ሁሉም አንዲት ሴት ታመመች ተብሎ ሰው የተሰበሰበበት ነው። ኑኜስ ከዚህ ሁሉ ሥዕሉን ወሰደና ሰዎቹን ትቶ ወጣ። ጭፈራውን ያለ ጨፋሪዎቹ ቀመመው።

ይህን ብዬ ብጨርስ ዛርን አሞግሼ በሄድሁ ነበር፤ ጭብጨባም ባገኘሁ። ነገር ግን እዚያ የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ ሌላውንም ልናገር።

በይፋት ሸረሪት ንጹሕ ናት። ይህን ያስተማሩኝ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት ሙስሊም አሮጊት ናቸው። በጀውሃ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ይውላል። ልጅ ሆኜ ከማገሩ ላይ የወረደች ሸረሪት ልረግጥ ስል እጄን ያዙኝ። ነቢዩ ከአሳዳጆቻቸው በዋሻ በተሸሸጉ ጊዜ ደጃፉን በድሯ ጋርዳ ያዳነቻቸው እርሷ ናት አሉኝ። እኛም ቤት ጣት ሲቈረጥ ድሯ ተጠቅልሎ ይደረግበት ነበር። በፑልያ የተከሰሰችው ፍጥረት በእኛ ዘንድ ጠባቂና ሐኪም ነበረች፤ እንግዲህ ሕመሙ ሲመጣ በእርሷ ሊሳበብ አይችልም። ዛሩ ወይም አውልያው ይጠራል።

አክስቴ ዛሯ ሲነሣ ታጓራለች፤ አንገቷን ታወዛውዛለች፤ ቀይ ልብስ ትጠይቃለች። ዕጣን ይጨሳል፣ ከበሮ ይመታል፣ ቡናው ከሦስተኛው አልፎ ይሄዳል፤ እርሷም ጠዋት ምንም እንዳልሆነች ማሽላዋን ትፈጫለች። ሁላችንም ለመድነነው። በአንድ ጥቅምት ግን፣ ዝናቡ ካባራና ወንዙ ኩሬ ኩሬ ከተወ በኋላ፣ እንደገና ተንቀጠቀጠች፣ ቃዠች፣ ራሷን ከመደቡ ላይ አንከባለለች። ሰው ተሰበሰበ። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ከበሮ ተመታ። ገላዋ እሳት ነበር፤ የሚነካትም «ዛሩ ነው ያጋላት» ይል ነበር። በአራተኛው ቀን ከመንገድ የመጣ አንድ የሩቅ ዘመድ በጭነት መኪና አሳፍሮ ሮቢት አደረሳት። ወባ ነበር። እርሷ ተረፈች፤ በሆዷ የነበረው የአምስት ወር ፅንስ አልተረፈም።

በቆላ ንዳድ እንዳለ የማያውቅ ሰው በቤቱ አልነበረም። አያቶቻችን ወደ ቆላ ሲወርዱ መጀመሪያ የሚጠየቁት ስለ ንዳድ ነበር። የጠፋው ዕውቀቱ አይደለም። የአክስቴ ሥዕል አስቀድሞ የተሟላ ስለነበር ነው። መንቀጥቀጡም፣ ቅዠቱም፣ ማንከባለሉም በሥዕሉ ውስጥ ቦታ ነበራቸው፤ ቦታ የነበረው ነገር ሁሉ ደግሞ ጥያቄ መሆኑ ይቀራል። ትኩሳቱ ብቻ በሥዕሉ ውስጥ ስላልነበረ ሰዎቹ ቦታ ፈጠሩለት።

በብልቃጧም ነገር እንዲሁ ሆነ። የአክስቴ ልጅ እንክብሎቹን ለሁለት ወር ያህል ከምላሷ ሥር እያኖረች ከረመች። ከሳች፤ ቢርዳትም ታልበው ነበር፤ እጇ ስኒ ሲይዝ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወረቀቱ ላይ «ዕረፍት የለውም፣ እጆቹ ይነካካሉ፣ ልቡ ይደልቃል» ስለሚል ሁሉም ምልክት የመድኃኒቱን ትክክለኛነት የሚያረጋግጥ መሰላት። እዚሁ አዲስ አበባ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም አንገቷን ዳሶ ደም አስመረመራት፤ የታይሮይድ ዕጢዋ ከልክ በላይ ይሠራ ነበር። መድኃኒት ጀመረች፤ አሁን ደኅና ናት። ያ የሕንዱ ሐኪም አንድ ሰዓት ሙሉ አዳምጧታል፤ ከዚያ በፊት ማንም ያን ያህል ጊዜ አልሰጣትም። እርሷም ስለ እርሱ ክፉ አትናገርም። የጎደለው ማዳመጡ ሳይሆን የሰማውን ከሥዕሉ ውጭ የሚያኖርበት ስፍራ ነው። ሥዕሉ ደግሞ፣ እንዳየነው፣ የፑልያ አጫጆችን፣ የጠርጣሪ ሐኪሞችን፣ የማድሪድ ቤተ መንግሥትን ታሪክ እንጂ የእርሷን ዕጢ አያውቅም።

ተማሪዎቼ አንዳንድ ጊዜ፣ የትኛው ነው የባሰው ይሉኛል። ከበሮው ቢያንስ ሰው ይሰበስባል፤ ብልቃጧ ቢያንስ አታስበድርም። ዛር ያፈረሰው ትዳር፣ ለዛር የተሸጠ በሬ፣ በአዋቂዎች የተበዘበዘች መበለት አላየሁም አልልም። ካህናቱም ሼኾቹም ለዘመናት ያወገዙት በከንቱ አይደለም። ሆኖም እነርሱ ሲያወግዙ፣ በኋላም በእኛ የልጅነት ዘመን «ኋላ ቀር ልማድ» ተብሎ ከበሮው ሲከለከል፣ ሴቲቱ ምሷን የምትጠይቅበት ሌላ በር አልተከፈተላትም ነበር። ይህን የምለው ለፍርድ ሳይሆን ለምርምር ነው፤ በመካከላችሁ የማስተርስ ርእስ የሚፈልግ ካለ በይፋት ቆላ የክልከላው ዓመታት ለሴቶቹ ምን እንደነበሩ ቢጠይቅ፣ የሚመልሱ አሮጊቶች ገና በሕይወት አሉ። ብዙ ዓመት ግን አይጠብቁንም።

ባለፈው ጥር ወደ ጀውሃ ስወርድ ብልቃጧን ይዤ ሄድሁ። የአክስቴ ልጅ ልትጥላት ስትል ለምኜ ወስጃት ነበር። አክስቴ አሁን ዓይኗ ደክሟል፤ ዛሯም ካረጀች ወዲህ እምብዛም አይነሣም፤ «እርሱም እንደኔ ሸመገለ» ትላለች። ብልቃጧን በመዳፏ ላይ እያንከባለለች ምንነቷን ጠየቀችኝ።

«እትዬ፣ ፈረንጅ የሸረሪት ዛር በስኳር አድርጎ ያኖረባት ናት» አልኋት፤ ከዚህ የተሻለ መተርጐም አልቻልሁም።

«ምሱስ ምንድን ነው?»

«ምስ የለውም። እንዲያውም ይህን የሚወስድ ሰው ቡና መጠጣት የለበትም ይላሉ።» ይህ እውነት ነው፤ ሃነማን በ1803 ስለ ቡና ጉዳት ለብቻው ጽፏል፤ ብዙዎቹ ተከታዮቹም ቡና መድኃኒቱን ያከሽፋል ብለው ይከለክላሉ።

አክስቴ ብልቃጧን መለሰችልኝና ወደ ረከቦቱ እያየች «ቡና የማይጠጣ ከሆነማ ወዲያ ውሰደው፤ ከኛ ጋር አይስማማም» አለች። ልጅቱም ሁለተኛውን ልትቀዳ ጀበናውን አነሣች።